የዳህራንን ኤርፖርት የነደፈው የስደተኛ ልጅ

እህቴ፣ ከደማም ወደ ኮባር ስትሄጂ ዳህራን ላይ የአየር ኃይል ግቢ አለ። እዚያ ያለውን አሮጌ ኤርፖርት የነደፈው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው፤ የኒውዮርክን መንትያ ሕንፃዎች የነደፈው ሰው።

እ.ኤ.አ. በ1912 ሲያትል ውስጥ ከጃፓን ስደተኞች ተወለደ። ለዩኒቨርሲቲ የከፈለው አላስካ ዓሣ በሚታሸግበት ፋብሪካ እየሠራ ነው። በ1934 ተመርቆ ኒውዮርክ ሲገባ ያገኘው ሥራ ግን ለአንድ አስመጪ ሳህን መጠቅለል ነበር። ዲግሪ ይዘሽ ሳህን የምታጥቢ ካለሽ ይህ ይገባሻል። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የምዕራቡን ጠረፍ ጃፓናውያን ወደ ካምፕ ሲያግዝ፣ ወላጆቹን ኒውዮርክ አምጥቶ ቤቱ አስጠጋቸው።

የዳህራኑ ሥራ በ1961 አለቀ። ያኔ ዘመናዊ ሕንፃ ማለት በየትም አገር አንድ ዓይነት የመስታወት ሣጥን ነበር። እሱ ግን ሲሚንቶውን እንደ ዓረብ ቅስት አሾለው፣ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማውንም የመስጊድ ሚናራ አስመሰለው። የሕንፃው ቅርስነት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ሳዑዲም ወደደችው፤ በሪያል ኖቷ ላይ አተመችው።

ያማሳኪ በ1986 አረፈ። በ1999 መንገደኛው ወደ ንጉሥ ፋህድ ኤርፖርት ተዛወረ። እሱንም የነደፈው የያማሳኪ ድርጅት ነው፤ ደማም የገባሽ ቀን ፓስፖርትሽን ይዘሽ የተሰለፍሽበት።