የቃቄ ወርድወትን ለተማሪዎቻችን እናስተምር



በወልቂጤ ከተማ የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ሰሞኑን ስለ መንግሥትና ስለ ዜጋ መብት ሳስረዳ፣ አንዲት ተማሪ ይህ ሁሉ ከውጭ አገር የመጣ አይደለም ወይ ብላ ብትጠይቀኝ መጽሐፉን አጥፌ የቃቄ ወርድወትን ታሪክ ነገርኋት።

ወርድወት በ19ኛው መቶ ዓመት በጉራጌ ምድር የኖረች ሴት ናት። በዚያን ጊዜ ወንድ ብዙ ሚስት ሲያገባ፣ ሴት ግን በአንቂት ሥርዓት ታስራ፣ ባሏ ካልፈቀደላት በቀር ሌላ ማግባት አይቻላትም ነበር። እርስዋም ሴቶችን አስተባብራ፣ ሽማግሎች ሕግ ከሚደነግጉበት ከየጆካ ሸንጎ ቀረበች፤ ሴት ባሏን እንድትመርጥና እንድትፈታ፣ ወንድም በአንዲት ሚስት እንዲወሰን አመለከተች። የጠየቀችው ሁሉ በዘመኗ አልተፈጸመም። ታሪኳ ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ከእኛ ደርሷል፤ በቴአትርም ታይቷል።

ዜጋ ሕግ ያከብራል፤ ሕጉ ሲበድለው ደግሞ እንዲታረም በአደባባይ ይጠይቃል። ወርድወት ሸንጎውን አልናቀችም፤ ዝምም አላለችም።

ስለዚህ በወልቂጤም በቡታጅራም ያለን መምህራን ይህን ታሪክ ከመማሪያው መጽሐፍ ጋር ብናስተምር መልካም ይመስለኛል። ያች ተማሪ በማግስቱ አያቷን ጠይቃ፣ እኔ ከነገርኋት የበለጠ ይዛ መጥታለችና።

አንድ መምህር
ከወልቂጤ