ኢዮብ ሉዶልፍና የቋንቋዎች ዝምድና

በምዕራብ ዓባያ ወረዳ፣ በብርብር ከተማ፣ አንድ ወጣት ጸሐፊ ጧት ቢሮውን ከፍቶ ከጠረጴዛው ኋላ ሲቀመጥ፣ ክንዱን ያሳረፈበት ዕቃ ስሙን ይዞ የመጣው ከግሪክ አገር መሆኑን ምናልባት አያስበው ይሆናል። ጠረጴዛ በጥንታዊው የግሪክ ቋንቋ ባለ አራት እግር ማለት ነው። በቃሉ መጨረሻ ያለችው «ጴዛ» ከእግር ስም የወጣች ናት።

የዚህች ቃል ሥር እጅግ ጥንታዊ ነው። ሊቃውንት ሕንድ-አውሮፓዊ ብለው በሚጠሩት የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ከሕንድ እስከ እንግሊዝ ተዘርቶ ይገኛል። እግር በሳንስክሪት ፓድ፣ በፋርስ ፓ፣ በላቲን ፔስ፣ ቃሉ ሲረባም ፔዲስ ይባላል። ጀርመኖችና እንግሊዞች ደግሞ ፐን ወደ ፈ ለውጠው ፉስና ፉት ይላሉ። ላቲን ፓተር የሚለውን አባትም እነርሱ ፋተር፣ ፋዘር ይሉታልና ለውጡ ሕግ ያለው ነው እንጂ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ይኸው ሥር በዕቃ ላይ ተጭኖ ወደ እኛም ደረሰ። ጠረጴዛ ከግሪክ፣ የብስክሌቱ ፔዳል ከላቲን ልጆች፣ የእግር ልብስ ማለት የሆነው ፒጃማም ከፋርስ ተነሥቶ በሕንድና በእንግሊዝ በኩል መጣ።

እንግዲህ አማርኛ እነዚህን ሦስት ቃላት ስለያዘ የግሪክና የፋርስ ዘመድ ነው ይባላልን? አይባልም። ለምን እንደማይባል አጥርተው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስመ ጥሩው የኢትዮጵያ ወዳጅ ኢዮብ ሉዶልፍ ስለሆነ፣ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉዶልፍ በ1624 በጀርመን አገር በኤርፉርት ከተማ ተወለደ። ልጅነቱ ያለፈው ሠላሳ ዓመት በዘለቀው የአውሮፓ ጦርነት መካከል ነው። ሕግ አጠና፤ ልቡ ግን ወደ ቋንቋ ያደላ ነበር። ዕብራይስጥና ዓረብኛ የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ፤ የግዕዝ መምህር ግን በአገሩ ስላልነበረ፣ እጁ ከገቡት ጥቂት የታተሙ መጻሕፍት ብቻውን ተማረ። ያለ መምህር የተማረው ግዕዝ ደግሞ በዓይን ነው እንጂ በጆሮ አይደለም።

በ1649 ለስዊድን መንግሥት ጉዳይ ወደ ሮም በሄደ ጊዜ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኢትዮጵያውያን መነኮሳት መኖራቸውን ሰምቶ ሊጠይቃቸው ሄደ። እዚያም አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ በአምሐራ አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ሲሆኑ፣ ከኢየሱሳውያን ጋር በነበራቸው ግንኙነት ምክንያት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ከአገራቸው የወጡ ሊቅ ነበሩ። ወጣቱ ጀርመናዊ ለመጀመሪያ ጊዜ ግዕዝን ከባለቤቱ አፍ ሰማ።

ከሦስት ዓመት በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ አገሩ ጋበዘ። በ1652 በጋ መነኩሴውና ሉዶልፍ ጥቂት ወራት አብረው ተቀመጡ። አንደኛው ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል። ስለ ቃላት፣ ስለ እርባታ፣ ስለ አገሩ እንስሳትና ዕፀዋት፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ሕዝቡ ልማድ ያልተነሣ ነገር አልነበረም። በእኛ አስተያየት፣ ከዚያ ወዲህ በሉዶልፍ ስም የታተሙት መጻሕፍት ሁሉ ሁለት አባት አላቸው። ሉዶልፍም ውለታውን አልካደም፤ በ1691 ባሳተመው ሐተታ የመምህሩን ምስል አስቀርጾ አውጥቷል። አባ ጎርጎርዮስ ግን ያንን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ፣ ዛሬ በቱርክ ግዛት ባለው በአሌክሳንድሬታ ባሕር ዳርቻ አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ተማሪው በያዘው ማስታወሻ ብቻውን ቀረ። በ1661 የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በለንደን ታተመለት። እትሙ ደስ ስላላሰኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ሁለቱንም እንደገና አርሞ አወጣ። በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን አሳተመ። በ1683 አውሮፓና ኢትዮጵያ በቱርክ ላይ ኅብረት እንዲፈጥሩ ለመማለድ ወደ እንግሊዝ ሄዶ ሳይሳካለት ተመለሰ። በ1698 ደግሞ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሰጠን። ከጎታው በጋ አርባ ስድስት ዓመት አልፎ ነበር።

የዝምድናውን ነገር የጻፈው ግን በ1702፣ ግዕዝን ከሌሎች የምሥራቅ ቋንቋዎች ጋር ባስተያየበት ድርሰት ነው። አሳቡ እንዲህ ነው፤ ሁለት ቋንቋዎች ጥቂት ቃላት ስለተካፈሉ ዘመዳሞች አይሆኑም፤ የሰዋስዋቸው ሥርዐት በአብዛኛው አንድ ሊሆን ይገባል። ቃላትም ሲመዘኑ እንደ አካል ክፍሎች ያሉት፣ ማንም ከጎረቤቱ የማይበደራቸው ይመረጡ። በእርግጥ ጠረጴዛ ይገዛል፤ ዓይን ግን አይገዛም። ግዕዝ ዐይንና ልሳን ሲል ዓረብኛ ዐይንና ሊሳን፣ ዕብራይስጥ ዓዪንና ላሾን ይላል። ግዕዝ «ሰማች» ለማለት ሰምዐት ሲል፣ ዓረብኛም ሰሚዐት ብሎ በዚያችው በመጨረሻዋ ት ሴትነቷን ያመለክታል። እንዲህ ያለችውን ት ነጋዴ አያመጣትም።

ይህ ሚዛን ሉዶልፍ ካላወቃቸው ቋንቋዎች ላይም ይሠራል። የምዕራብ ዓባያ ጋሞኛና በሰሜን በኩል የሚጎራበተው ወላይትኛ በቃል ብቻ የተመሳሰሉ አይደሉም። ወላይታ ስምን ሱንታ፣ ውኃን ሃታ፣ ደምን ሱታ ይላል። በጋሞ በሦስቱም ቃላት ውስጥ በዚያች በት ስፍራ «ትስ» የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ለውጡ በአንድ መንገድ መሄዱ የእኅትማማችነት ምልክት ነው። የወላይታን ሱንታ ከግዕዙ ስምና በናይጄርያ ከሚነገረው ከሐውሳው ሱና ጋር የሚያዛምዱ ሊቃውንትም አሉ። ሆኖም አንድ ቃል ብቻውን አይበቃም። ሐሮልድ ፍሌሚንግ በ1969 ጋሞን፣ ወላይታንና ጓደኞቻቸውን ከኩሽ ቋንቋዎች ለይቶ ለብቻቸው ቅርንጫፍ አድርጎ ካቀረበ ወዲህ፣ ኦሞአዊ የተባለው ይህ ቅርንጫፍ ከሴምና ከኩሽ ጋር ያለው ዝምድና ምን ያህል እንደሆነ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። ክርክሩም የሚሄደው በተውላጠ ስምና በግሥ እርባታ ላይ ነው።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳያያት በ1704 በፍራንክፈርት ሞተ። የሴም ቋንቋዎች የሚለው ስም የወጣው ከዚያ በኋላ በ1781 ሲሆን፣ ዊልያም ጆንስም የሳንስክሪትን፣ የግሪክንና የላቲንን ዝምድና በካልካታ የተናገረው በ1786 ነው። የሉዶልፍ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ኢዘንበርግ በ1841 ሌላ እስኪያሳትም ድረስ፣ የግዕዙም ዲልማን በ1865 የራሱን እስኪያወጣ ድረስ በአውሮፓ ተማሪዎች እጅ ቆዩ።