የነጋዴው ሶሓባ የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ታሪክ



ሰው ሁሉ ደስታን ይፈልጋል። ነጋዴው ደስታ ዕቃው ሁሉ በተሸጠለት ቀን የሚመጣ ይመስለዋል፤ ባለዕዳውም ዕዳውን ከፍሎ በጨረሰ ቀን ነው ይላል። ነገር ግን ዕቃው ተሽጦለት ገንዘቡም ተቈልፎበት ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ፤ ያለው ሁሉ ጠፍቶበትም ልቡ ያልተሰበረ ሰው አለ። የሁለቱ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ለማወቅ የሚወድ፥ በሕይወታቸው ሳሉ በጀነት ከተበሠሩት ዐሥር ሶሓባዎች የአንዱን፥ የነጋዴውን የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስተውል።

ዐብዱረሕማን የተወለዱት በመካ፥ ከቁረይሽ ነገድ ከበኒ ዙህራ ወገን ነው። እስልምናን የተቀበሉት በአቡ በክር አማካይነት፥ አማኞች በጣት በሚቈጠሩበት ጊዜ ነበረ። ሥራቸው ንግድ ነው። የመካ ታላላቆች አማኞችን ማሠቃየት በጀመሩ ጊዜ ግን ኑሮው ጠበበ። ስለዚህም ከነቢይነት በ5ኛው ዓመት፥ ይኸውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ615 ዓ.ም.፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተከታዮቻቸው ፍትሕ ወደሚገኝበት ወደ ሐበሻ ምድር እንዲሰደዱ ፈቀዱ። በዚያ በመጀመሪያው ጉዞ ባሕሩን ከተሻገሩት ጥቂት ወንዶችና ሴቶች አንዱ ዐብዱረሕማን ነበሩ። እንግዲህ እኒህ ሰው የአገራችንን አፈር የረገጡ፥ በነጃሺም ጥላ ሥር ያረፉ ስደተኛ ነበሩ። ቤትንና ዘመድን ትቶ በባዕድ አገር ማደር ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ቀመሱት።

ከዚያ በኋላ ወደ መካ ተመለሱ፤ መከራው ግን አልቀለለም። በ622 ዓ.ም. አማኞች ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ እርሳቸውም ንብረታቸውን በመካ ትተው ባዶ እጃቸውን መዲና ገቡ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ስደተኞቹን ከመዲና ሰዎች ጋር ወንድማማች ሲያደርጉ፥ ዐብዱረሕማንን ከሰዕድ ኢብን ረቢዕ ጋር አወዳጁአቸው። ሰዕድ ባለጠጋ ነበሩ። ለወንድማቸው ከሀብታቸው እኩሌታውን ሊሰጡ፥ ከሁለቱ ሚስቶቻቸውም አንዲቱን ፈትተው እንዲያገቧት ሊለቁላቸው ፈቀዱ። ሰው ለሰው እንዲህ ያለ ልግስና ሲያደርግ በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ አልታየም።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። ያ ስደተኛ የሚበላው የለውም፤ የቀረበለት ስጦታም ሐላል ነው፤ ሰጭውም በሙሉ ልቡ የሚሰጥ ነው። ዐብዱረሕማን ግን ሰዕድን በቤተ ሰቡና በሀብቱ አላህ እንዲባርክለት ከመረቁ በኋላ፥ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ እንዲያሳዩአቸው ነው። የበኒ ቀይኑቃዕን ገበያ አሳዩአቸው። በማግሥቱ ማልደው ሄዱ፤ የደረቀ አይብና ቅቤ እየገዙና እየሸጡም ጥቂት ትርፍ ይዘው ተመለሱ። ትናንት በመካ ታላቅ ነጋዴ የነበረ ሰው ዛሬ ከቅቤ ሻጮች መካከል መቀመጡን እንደ ውርደት አልቈጠሩትም።

ብዙ ቀንም አልቈየ፤ ዐብዱረሕማን በልብሳቸው ላይ የሙሽራ ሽቱ ምልክት ታይቶባቸው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጡ። በተጠየቁም ጊዜ ከአንሷር አንዲት ሴት እንዳገቡ፥ መህሯም የተምር ዘር ያህል የሚመዝን ወርቅ እንደ ሆነ ተናገሩ። ነቢዩም በአንዲት በግ እንኳ ቢሆን ወሊማ እንዲያደርጉ አዘዙአቸው። ከአይብና ከቅቤ የጀመረው ሰው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቤት ሠራ።

እኒህ ነጋዴ ግን ገንዘብ ባገኙ ጊዜ ከመከራ የሸሹ ሰው አልነበሩም። በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ በበድር፥ በ3ኛውም ዓመት በኡሑድ ዘመቱ። በኡሑድ ቀን ብዙ ቍስል ቈሰሉ፤ ከዚያም የተነሣ እስከ ሞቱ ድረስ ያነክሱ እንደ ነበር ታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። እኩሌታ ሀብታቸውን ሊያካፍሉአቸው የነበሩት ሰዕድ ኢብን ረቢዕም በዚያው ቀን ሰማዕት ሆኑ።

ኢማን ከጥንቃቄ ጋር እንደሚሄድም ዐብዱረሕማን አስተምረዋል። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ አካባቢ ኸሊፋው ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ፥ በዚያ አገር ወረርሽኝ እንደ ገባ ሰርግ በተባለው ስፍራ ሰሙ። እንለፍ ወይስ እንመለስ በሚለው ነገር ሶሓባዎቹ ተከራከሩ። ከቦታው ርቀው የነበሩት ዐብዱረሕማን በመጡ ጊዜ፥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፥ ካለበትም አገር ሸሽቶ እንዳይወጣ ማዘዛቸውን መሰከሩ። ዑመርም አላህን አመስግነው ከሠራዊታቸው ጋር ተመለሱ። በአላህ መመካት ማለት ዐይንን ጨፍኖ ወደ ገደል መሄድ አለመሆኑን ከዚህ እናያለን።

ሀብታቸው እጅግ በበዛ ጊዜም እጃቸው አልተጨበጠም። አንድ መሬት ለዑስማን በ40,000 ዲናር ሸጠው፥ ገንዘቡን ለዘመዶቻቸው ለበኒ ዙህራ፥ ለድኾችና ለነቢዩ ባለቤቶች እንዳከፋፈሉት ይተረካል። ሥልጣንም አላታለላቸውም። በ23ኛው ዓመተ ሂጅራ ዑመር ከመሞታቸው በፊት ኸሊፋ የሚመርጡ ስድስት ሰዎችን ሲሾሙ፥ ዐብዱረሕማን አንዱ ነበሩ። እርሳቸው ግን ራሳቸውን ከተመራጭነት አውጥተው፥ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው ሕዝቡን ሲያማክሩ ሰነበቱ፤ በመጨረሻም ለዑስማን ቃል ኪዳን ገቡ።

ከሕይወታቸው ሁሉ ልብን የሚነካው ግን በአንዲት የማፍጠሪያ ሰዓት የሆነው ነው። ጾመው ውለው ማዕድ ቀረበላቸው። ምግቡን ባዩ ጊዜ ሙስዐብ ኢብን ዑመይርን አስታወሱ። ሙስዐብ በኡሑድ የወደቁ ቀን መገነዣቸው አንዲት አጭር ልብስ ብቻ ነበረች፤ ራሳቸው ሲሸፈን እግራቸው ይገለጥ ነበር፥ እግራቸውም ሲሸፈን ራሳቸው። ዐብዱረሕማን ያ ሰው ከእርሳቸው እንደሚበልጥ ተናግረው፥ የመልካም ሥራቸው ዋጋ በዚህ ዓለም አስቀድሞ ተከፍሏቸው እንዳይሆን ፈሩ። አለቀሱም፤ ምግቡንም ተዉት። ያ ሁሉ ሀብት በእጃቸው ሲኖር ልባቸውን ሊገዛው አልቻለም።

በ32ኛው ዓመተ ሂጅራ፥ በ652 ዓ.ም. አካባቢ በመዲና ዐርፈው በበቂዕ ተቀበሩ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ይህን ታሪክ ከዐረብኛ ስንመልሰው በዐይናችን ፊት የነበሩት በማለዳ ከኮልፌ ተነሥተው ወደ መርካቶ የሚወርዱት ነጋዴዎች ናቸው። በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙዎች ንብረት በአንድ ሌሊት ዐመድ መሆኑን የማያስታውስ ማን ነው? እንዲህ ያለ ቀን የደረሰበት ወንድም ቤቱን ዘግቶ ዕድሉን ሲረግም አይኑር። ሶላቱን ይስገድ፥ ዱዓውን ያድርግ፥ ከዚያም ተነሥቶ የገበያውን መንገድ ይጠይቅ። ሱቅ የነበረው ሰው በጉልት ቢጀምር አይፈር፤ ሚስቱና ልጆቹም ከትናንቱ ኑሮ ጋር እያስተያዩ አያሳፍሩት። እሳቱ ያልደረሰበት ነጋዴ ደግሞ እንደ ሰዕድ ይሁን፤ ለወደቀው ወንድሙ ብድር ይስጥ፥ የዕዳውን ቀን ያራዝምለት፥ ዘካውን አያስቀር።

ሱቁ ሞልቶ ልቡ ያልረጋ ሰውም የዐብዱረሕማንን ማዕድ ያስብ። በማታ ቍርሱን ሲያቀርቡለት ያልበላ ጎረቤት መኖሩን ይጠይቅ፤ ገንዘቡንም የአላህ አደራ አድርጎ ይያዘው። አደራ ጠባቂ የሆነ ሰው ዕቃው ሲበዛ አይታበይም፥ ሲጠፋም ተስፋ አይቈርጥም፤ ዕንቅልፉም ጣፋጭ ነው።

አላህ እጃችንን ለሐላል ሥራ ያበርታልን፤ የጠፋብንን በተሻለ ይተካልን፤ ሀብትንም በእጃችን እንጂ በልባችን ላይ አያንግሥብን። አሚን።