ዐፄ ካሌብና የነፋሱ ወራት

ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ባሕሩ ዳርቻ ያለው መንገድ ረዥም ነው። ከጅቡቲ በባቡር ወይም በከባድ መኪና የተጫነ ኮንቴይነር ሽቅብ ተጉዞ ሞጆ ሲራገፍ፣ ዕቃው ገና በመርከብ ላይ ሳለ የነፈሰበትን ነፋስ የሚያስብ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ለማሰብም ጊዜ የለም፤ ሰነዱ ይመረመራል፣ ቀረጡ ይሰላል፣ ጭነቱ ይሰናበታል። በ2001 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የሞጆ ወደብ ባሕር የለውም። የአክሱም መናገሻም ባሕር አልነበራትም። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የኤርትራ ባሕር መምሪያ ከአዱሊስ ወደብ እስከ አክሱም የ8 ቀን መንገድ እንደ ነበረ ይናገራል፤ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ ግን 12 ቀን ያደርሰዋል። (በዚህ ጽሑፍ የጥንቱ ዘመን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) እንግዲህ ከባሕር ርቀው ተቀምጠው ባሕርን ከገዙት ነገሥታት መካከል ስመ ጥሩ የሆኑት የዐፄ ካሌብ ሕይወት፣ ከቤተ ክህነትና ከጦርነት ታሪክ ሌላ፣ የወደብና የጭነት ሰው በራሱ ዓይን ሊያየው የሚገባ ነገር አለው።

ካሌብ የታዜና ልጅ ናቸው። የዙፋን ስማቸው እለ አጽብሐ ሲሆን ግሪኮች ይህንኑ ስም በየአፋቸው እያጣመሙ ኤለስባስ፣ ሄለስቴዮስ እያሉ ጽፈውታል። በ6ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ ነገሡ። በስማቸው የወርቅ ገንዘብ አሳትመዋል፤ በአክሱምም ቋንቋው ግዕዝ፣ ፊደሉ ግን የደቡብ ዐረብ የሆነ የድንጋይ ጽሑፍ ትተዋል። የግዕዙን ቃል በባሕር ማዶ ሰዎች ፊደል ማስቀረጻቸው ዓይናቸው ወዴት ያይ እንደ ነበር ሳይናገር ይናገራል። በዚያው ጽሑፍ ወደ ሒምየር፣ ማለትም ወደ ዛሬው የመን፣ ጦር መላካቸው ተመዝግቧል። ይህ የመጀመሪያው ዘመቻ በ518 ገደማ የሆነ ነው፤ ከዚያም በኋላ በሒምየር በአክሱም ፈቃድ የነገሠ ክርስቲያን ንጉሥ ተቀመጠ።

ያ ንጉሥ ሞተ። በ522 የአይሁድን እምነት የያዘው ዩሱፍ አስአር፣ ዐረቦች ዙ ኑዋስ የሚሉት፣ ዙፋኑን ያዘ፤ በዋና ከተማይቱ በዘፋር የነበሩትን ኢትዮጵያውያን ወታደሮች አስገደለ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውንም አቃጠለ። በ523 የናግራን ክርስቲያኖች ተፈጁ። ይህ ሁሉ በስንክሳርም በታሪክ መጻሕፍትም በሰፊው ተተርኳል። እምብዛም የማይነሣው ግን ዩሱፍ ዙፋኑን ሊይዝ የቻለበት ምክንያት ነው። የቤተ አርሻሙ ስምዖን በዘመኑ በሱርስጥ በጻፈው መልእክት ውስጥ፣ ዩሱፍ ለሒራ ንጉሥ የላከው ደብዳቤ ፍሬ ነገር ይገኛል። በዚያ ደብዳቤ ዩሱፍ አልሸሸገም፤ ኢትዮጵያውያን የሾሙት ንጉሥ የሞተው የብርድ ወራት በገባ ጊዜ ስለ ነበር፣ እንደ ልማዳቸው ባሕሩን ተሻግረው ሌላ ለመሾም እንዳልቻሉ፣ እርሱም በዚህ ምክንያት እንደ ነገሠ ይገልጻል። ስለዚህ ዩሱፍን ያነገሠው ሰይፉ ብቻ አልነበረም፤ የነፋሱ ወራት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀይ ባሕር ነፋስ በሰሜኑና በደቡቡ እኩሌታ አንድ አይደለም። በሰሜኑ እኩሌታ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል። በደቡቡ ግን እንደ ወራቱ ይገለበጣል፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከባብ ኤል መንደብ የሚገባው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ያይላል፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ የሰሜኑ ነፋስ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ይወርዳል። ይህ መገለባበጥ ሞንሱን የተባለው የህንድ ውቅያኖስ የወራት ነፋስ ክፍል ነው። የእስያ ምድር ሲግል አየሩን ከውቅያኖሱ ይስባል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሰድደዋል። በሞጆና በአዳማ ዙሪያ ገበሬው ጤፉን በሚዘራበት በሐምሌ፣ የውቅያኖሱ ነፋስ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ህንድ በብርቱ ይነፍሳል፤ እህሉ በሚወቃበት ወራት ደግሞ ከህንድ ወደዚህ ይመለሳል። አዱሊስ በደቡቡ እኩሌታ ያለች ወደብ ናት። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ የመን ዳርቻ የሚሄድ መርከብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ መቅናት ስላለበት፣ በብርድ ወራት ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣበታል። ጭነት የያዘ የሸራ መርከብ በዚያ ጊዜ ከወደብ ባይወጣ ፈሪ አይባልም።

ካሌብ ይህን ያውቁ ነበር። ሆኖም የናግራን ወሬ ከደረሰ በኋላ፣ ከቢዛንታዩ ንጉሥ ከዩስጢኖስና ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከጢሞቴዎስ ግፊት ሲመጣ፣ መጠበቁ የከበዳቸው ይመስላል። የናግራን ሰማዕታትን ታሪክ የሚተርከው የግሪክ ገድል፣ ንጉሡ አስቀድመው 15,000 ሰው በየብስ ወደ ደቡብ ጠረፍ ልከው እንደ ነበር፣ ይህም ጦር በውሃ እጦትና በመንገዱ ጭንቅ እንዳለቀ ይናገራል። ቁጥሩ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፤ የገድል ጸሐፊዎች በቁጥር ቸሮች ናቸው። ነገር ግን በደንከል በረሃ ጠርዝ ውሃ ሳይዝ የተጓዘ ሠራዊት ምን እንደሚገጥመው የዛሬ ሾፌር እንኳ ያውቀዋል። ነፋስን ላለመጠበቅ የተመረጠው የየብስ መንገድ ከባሕሩ ይልቅ ሰው በላ።

ከዚህ በኋላ ያለው የካሌብ ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው። በዚያው የብርድ ወራት 10 መርከቦች አሠሩ። በአዱሊስ አጠገብ ባለችው በገበዛ መጠጊያም የነጋዴ መርከቦች ተሰበሰቡላቸው፤ ከአይላ 15፣ ከቅሊዝማ 20፣ ከኢዮታቤ ደሴት 7፣ ከበረኒቄ 2፣ ከፈረሳን ደሴቶች 7፣ ከህንድ 9፣ በድምሩ 60 መርከቦች። አይላ የዛሬዋ ዐቃባ፣ ቅሊዝማም ስዊዝ አጠገብ የነበረች ወደብ ናት። ይህን ዝርዝር የመርከብ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሲያነብ አንድ ነገር ያስተውላል። የሰሜኖቹ መርከቦች በሰሜኑ ነፋስ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የህንዶቹ ግን በብርድ ወራት በተቃራኒው ነፋስ ተገፍተው ወደ ላይ ይመጣሉ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ወደብ ሊገናኙ የሚችሉት አንዱ ነፋስ ሊያበቃ፣ ሌላው ሊጀምር ሲል ነው። የካሌብ መርከቦች የተሰበሰቡትም በዚያ ወቅት ነበር። ወራቱ ያለፈበት የሸራ መርከብ ደግሞ የሚቀጥለውን ዓመት ነፋስ መጠበቅ ግድ ይሆንበታልና፣ 60 መርከብ ከንግድ ሥራ አውጥቶ ማቆየት ቀላል ዋጋ አልነበረም።

በነዚህ ዓመታት የሆነ አንድ ትንሽ ነገር የንጉሡን ጠባይ ያሳያል። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ በደረሰ ጊዜ፣ ካሌብ በሒምየር ላይ ለመዝመት ይሰናዱ ነበር። ንጉሡ ለአዱሊሱ ገዥ ለአስባስ መልእክት ልከው፣ በከተማይቱ መግቢያ በቆመው የድንጋይ ዙፋን ላይ ያለው የግሪክኛ ጽሑፍ ተገልብጦ እንዲላክላቸው አዘዙ። ገዥውም ሥራውን ለኮስማስና ሜናስ ለተባለ ጓደኛው ሰጠ። በዙፋኑ ላይ የተቀረጸው ስሙ የጠፋ የቀድሞ የአክሱም ንጉሥ ታሪክ ሲሆን፣ ከሌሎች ድሎቹ መካከል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የማዶውን ሕዝቦች በመርከብና በእግረኛ ጦር እንዳስገበረ ይናገራል። ባሕር ለመሻገር የሚሰናዳ ንጉሥ ከርሱ በፊት የተሻገረውን ሰው መዝገብ ያስመረመረ መሆኑ ነው።

ወራቱን ማወቅ ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ መውረጃ ዳርቻ መምረጥ ነው። በየመን በኩል ያለውን ጠረፍ የኤርትራ ባሕር መምሪያ በደንብ ያውቀዋል። ወደ ሰሜን ያለው ወገን ወደብ የለሽ፣ ስውር ድንጋይ የበዛበት ስለ ሆነ መርከበኞች መካከለኛውን ባሕር ይዘው ይሄዱ ነበር። ወደ ደቡብ ሲወርዱ የምትገኘው ሙዛ፣ በዛሬዋ ሙኻ አካባቢ የነበረችው፣ የተከለለ ወደብ ባይኖራትም ታችዋ አሸዋ በመሆኑ መልሕቅ ይይዝባታል። የዚያ ዘመን የህንድ ባሕር መርከቦች፣ ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው፣ ጣውላቸው በምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፋ ነበረ፤ ሹል ድንጋይ ላይ የወደቀ ስፌት ደግሞ ይተረተራል። የካሌብ የመርከብ አለቆች ጥያቄ እንግዲህ ሦስት ነበር፤ ነፋሱ ዳርቻውን በየት በኩል ይመታዋል፣ ታቹ አሸዋ ነው ወይስ ድንጋይ፣ ከወረዱ በኋላስ ውሃ የት ይገኛል።

ይህ ጥያቄ ከሸራ መርከብ ጋር አልሞተም። በዛሬው ዘመን በትልቅ የጨርቅ ካይት እየተጎተቱ፣ በጣውላ ላይ ቆመው በባሕር የሚንሸራተቱ ስፖርተኞች በሞንሱን ወራት የሚሄዱበትን ዳርቻ ሲመርጡ የሚያሰሉት ይህንኑ ነው። በዛንዚባር የፓጄ ዳርቻ ከሰኔ እስከ መስከረም የደቡቡን ነፋስ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የሰሜኑን ይጠብቃሉ፤ በስሪ ላንካ ወደ ካልፒቲያ የሚሄዱትም እንደዚሁ ወራት ቆጥረው ነው። ከባሕር ወደ ምድር ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነፋስ ሰውን ከዳርቻው ጋር ያላትማል፤ ከምድር ወደ ባሕር የሚነፍሰው ደግሞ ወደ ጥልቁ ይዞ ይሄዳል፤ የሚፈለገው ዳርቻውን በአግድም ታክኮ የሚያልፈው ነው። ለእነርሱ ጨዋታ ነው። ለካሌብ ሠራዊት ግን ከማዶ ፈረሰኛ ቆሞ የሚጠብቅበት የሞት ጉዳይ ነበር።

ዩሱፍም የዋዛ ሰው አልነበረም። ወራቱ ሲዞር ኢትዮጵያውያን እንደሚመጡ ያውቅ ስለ ነበር፣ በ523 የሙኻን ወደብ ወግቶ አቃጠለ፣ በመንደብ ያለውንም ጠረፍ አስመሸገ። ይህን የጦር አለቃው በበረሃ ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ እናነበዋለን። በዚያ ያለው ስለ መንደብ የሚናገር ቃል ሰንሰለት ማለትም ይሆናል፤ የግሪኩ ገድልም ባሕሩ በሰንሰለት ታግዶ ነበር ይላል። ያን የሚያህል የባሕር በር በብረት ሰንሰለት መዝጋት የማይታመን ነው፤ የምሽግ ሰንሰለት ቢሆን ግን ይገባል። ምንም ሆነ ምን፣ ዩሱፍ የሚሟገተው ስለ አገሩ መካከል ሳይሆን ስለ መውረጃው አሸዋ መሆኑን ተረድቶት ነበር።

ካሌብ ከመዝመታቸው በፊት በአክሱም አጠገብ ወደሚገኘው ወደ አባ ጰንጠሌዎን በአት ሄደው በረከት ተቀበሉ። በ525፣ ከበዓለ ጰራቅሊጦስ በኋላ፣ የደቡቡ ነፋስ ደክሞ የሰሜኑ ሊወርድ በሚልበት ጊዜ መርከቦቹ ከገበዛ ተነሡ። ባሕሩ ግን ጉዞውን እንደ ታሰበው አላደረገውም። ነፋስና ማዕበል መርከቦቹን ከፈላቸው፤ ከፊሉ ጦር በአንድ ስፍራ ሲወርድ ንጉሡ ያሉበት ዋናው ጦር ከዚያ ርቆ በሌላ ዳርቻ ደረሰ። በዚያም የዩሱፍ ፈረሰኞች ዳርቻውን ይዘው ስለ ጠበቁ መውረድ አስቸጋሪ ሆነ። መርከብ ላይ ያለ ሠራዊት ስንቁና ውሃው በየቀኑ ይጎድላል፤ ዳርቻ ላይ ያለ ጠላት ግን ከኋላው አገር አለው። ነገሩን የፈታው መከፋፈሉ ራሱ ነው። ተለይቶ የወረደው ክፍል የሚከላከለው ሳያገኝ ወደ ዘፋር ገሠገሠ፤ ይህም ወሬ የዩሱፍን ሰዎች ልብ ሰበረ፤ ንጉሡም ወረዱ። ዩሱፍ ተገደለ። የዐረብ ትውፊት ግን አሟሟቱን በሌላ መንገድ ያሳምረዋል፤ ፈረሱን ወደ ባሕር ነድቶ በማዕበሉ ውስጥ ጠፋ ይላል።

ካሌብ ሱምያፋዕ አሽዋዕ የተባለውን የአገሩን ክርስቲያን አንግሠው፣ ከፊሉን ሠራዊት በዚያው ትተው ተመለሱ። ከዚህ በኋላ የመጣባቸው ፈተና በጦር የሚፈታ አልነበረም። በ531 ገደማ የቢዛንታዩ ንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዩልያኖስ የተባለ መልእክተኛ ልኮ፣ ኢትዮጵያውያን ሐር ከህንዶች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ፣ ፋርሶችም ከዚህ ንግድ እንዲወጡ ጠየቀ። ካሌብ ተስማሙ፤ ነገር ግን ሊፈጸም አልቻለም። ፕሮኮፒዮስ ምክንያቱን በአጭሩ ያስረዳል። ፋርሶች የህንድ ጎረቤት በመሆናቸው፣ የህንድ መርከቦች መጀመሪያ በሚጠጉባቸው ወደቦች ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን ሙሉ በሙሉ ይገዙት ነበር። የማዶውን ዳርቻ በጦር የያዙት ካሌብ፣ መርከቡ አስቀድሞ የሚያርፍበት ዳርቻ ግን የሌላ ሰው ሆነባቸው። በጭነት ሥራ የኖረ ሁሉ ይህን ችግር ሳይነገረው ያውቀዋል።

የመጨረሻው ፈተና የመጣው ከራሳቸው ወደብ ነው። በየመን ከቀረው ጦር መካከል አብርሃ የተባለ ሰው ተነሥቶ ሱምያፋዕን ከዙፋኑ አወረደ። አብርሃ ቀድሞ በአዱሊስ በመርከብ ንግድ ላይ ተሰማርቶ የነበረ የአንድ ሮማዊ ባሪያ ነበረ፤ የመርከብን መምጫና መሄጃ ያየ ሰው ነው። ካሌብ በአንድ ዘመዳቸው መሪነት 3,000 ወታደር ላኩበት፤ ወታደሮቹ ግን አገሩን ወደዱትና አለቃቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር ተደባለቁ። ሁለተኛም ጦር ተላከ፤ እርሱም ተሸንፎ ተመለሰ። ከዚህ ወዲያ ካሌብ ወደ ማዶ ጦር አልላኩም።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ንጉሡ ዘውዳቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ መንግሥቱን ትተው፣ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም መንኩሰው እንደ ኖሩ ያስተምራል። አብርሃ በሒምየር ዙፋን ጸና፤ በ548 የተሰበረውን የማሪብን ግድብ አሳድሶ ሥራውን በድንጋይ ላይ አስጻፈ። ለአክሱም ግብር ለመክፈል የተስማማውም ካሌብ ካረፉ በኋላ፣ ለተከታያቸው ነው።