ከአንድ ሰው አንድ ዶላር፦ የቴሪ ፎክስ ሩጫ

ሯጮች አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሱት በወሰዱት ሜዳሊያ ወይም በሰበሩት ክብረ ወሰን ነው። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ግን ማንንም ቀድሞ ሳይገባ፣ ያለመውን መንገድ እንኳ ሳይጨርስ በ22 ዓመቱ ያረፈ ሯጭ ነው። ስሙ ካረፈ ከአርባ ዓመታት በኋላም የሚጠራው በአንድ እግሩና በአንድ ሰው ሠራሽ እግር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ስላሰባሰበ ነው። ከእያንዳንዱ ካናዳዊ የጠየቀውም አንድ ዶላር ብቻ ነበር።

ቴራንስ ስታንሊ ፎክስ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን ቀመር ጁላይ 28 ቀን 1958 በማኒቶባ ግዛት፣ በዊኒፔግ ከተማ ተወለደ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም በዚሁ ቀመር የተሰሉ ናቸው። አባቱ ሮላንድ የባቡር ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ እናቱ ቤቲ አራት ልጆች አሳድጋለች። ቤተሰቡ ኋላ ላይ ወደ ምዕራባዊቷ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ተዛውሮ ፖርት ኮኩዊትላም በምትባል ከተማ ኑሮውን መሠረተ።

ቴሪ በልጅነቱ የተለየ የስፖርት ተሰጥኦ አልነበረውም። የሚወደው ቅርጫት ኳስ ቢሆንም ቁመቱ አጭር፣ ችሎታውም ደካማ ነበር። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተሰለፈው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው። እርሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ማለዳ እየተነሣ ይለማመድ ጀመር፤ ከዓመታት በኋላ ከቡድኑ ቋሚ ተሰላፊዎች አንዱ ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲያጠናቅቅም የትምህርት ቤቱን የዓመቱ ምርጥ ስፖርተኛ ሽልማት ከልብ ጓደኛው ከዳግ አልዋርድ ጋር ተካፈለ። የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ለማጥናት ሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የገባውም የስፖርት መምህር የመሆን ምኞት ይዞ ነበር።

ኖቬምበር 1976 መኪና እየነዳ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአንድ ጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ከአደጋው የተረፈው በቀኝ ጉልበቱ ላይ ቀላል ሕመም ይዞ ነበር። ሕመሙ ግን አልለቀቀውም። ለወራት ችሎት ከቆየ በኋላ ማርች 1977 ሐኪም ቤት ሲሄድ ኦስቲዮሳርኮማ የተባለ የአጥንት ካንሰር እንዳለበት ተነገረው። ሐኪሞቹ አደጋው ለካንሰሩ መነሻ ሊሆን እንደማይችል ቢያስረዱትም፣ እርሱ ግን ጉልበቱን ያዳከመው ያ ግጭት ነው ብሎ ያምን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ዕድሜው 18 ዓመት ነበር።

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ፣ እግሩን አጥቶ የኒውዮርክን ማራቶን ስለሮጠ ስለ ዲክ ትራም የሚተርክ መጽሔት ደረሰው። እርሱም አንድ ቀን እንደዚያ ሰው የመሮጥ ሐሳብ በልቡ አደረበት። ከዚያ በኋላ 16 ወራት የፈጀውን የኬሞቴራፒ ሕክምና ተከታተለ። በእነዚያ ወራት ያየው ስቃይ ግን ከሐሳቡ ሳይጠፋ ቀረ። አብረውት ይታከሙ ከነበሩት መካከል ሕፃናትና ወጣቶች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ሲሞቱ አይቷል። ሐኪሞቹ የመዳን ዕድሉ 50 በመቶ እንደሆነ ነግረውታል። ከሁለት ዓመት በፊት ቢታመም ኖሮ ይህ ዕድል 15 በመቶ ብቻ በሆነ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው በመካከሉ የተደረገው ምርምር እንደሆነ ቴሪ ተረዳ። እርሱ በሕይወት መቆየቱ ሌሎች ቀድመው ያዋጡት ገንዘብና የደከሙት ድካም ፍሬ ነበር። በመሆኑም ከሐኪም ቤት የወጣው ዕዳ እንዳለበት ሰው ሆኖ ነው።

ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በሪክ ሃንሰን ጋባዥነት የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ቡድን ተቀላቀለ፤ ከቡድኑ ጋርም ሦስት ጊዜ የካናዳ ሻምፒዮን ሆነ። ጎን ለጎን በሰው ሠራሽ እግሩ ሩጫ መለማመድ ጀመረ። የዚያ ዘመን ሰው ሠራሽ እግር ለመራመድ እንጂ ለመሮጥ የተሠራ አልነበረም። ወደ ቦታው እስኪመለስ ጊዜ ስለሚወስድ ቴሪ በሰው ሠራሹ እግሩ አንድ ጊዜ በረገጠ ቁጥር በጤናማው ሁለት ጊዜ እየዘለለ መሮጥ ነበረበት። የተቆረጠው እግሩ ጫፍ እየተላጠ ይደማ፣ ውኃ እየቋጠረም ያሠቃየው ነበር። እርሱ ግን ለ14 ወራት ያህል ሳያቋርጥ ተለማመደ። ኦገስት 1979 በፕሪንስ ጆርጅ ከተማ 27 ኪሎ ሜትር በሚሸፍን ውድድር ተሳትፎ ከሁሉም ኋላ፣ በመጨረሻ ገባ። ውድድሩን መጨረሱ ግን ለእርሱ ትልቅ ድል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ምሥጢሩን ለቤተሰቡ ገለጠ። ካናዳን ከምሥራቅ ዳርቻ እስከ ምዕራብ ዳርቻ በሩጫ አቋርጦ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ወስኗል። እናቱ ደነገጠች፤ አጥብቃም ተቃወመች። ልቡ ላይ ችግር እንደታየበት ሐኪሞች ነግረውት ስለነበር ስጋቷ ምክንያት የሌለው አልነበረም። ቴሪ ግን ከውሳኔው አልተመለሰም። ኦክቶበር 1979 ለካናዳ የካንሰር ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈ። ማኅበሩም የሚሳካ ስላልመሰለው በመጀመሪያ ራሱ ስፖንሰር እንዲያፈላልግ ጠየቀው። ቴሪ ለኩባንያዎች ሁሉ እየጻፈ ከአንዱ ቫን መኪና፣ ከሌላው ነዳጅ፣ ከሦስተኛው የመሮጫ ጫማ አገኘ። በስሙ ምርታቸውን ማስተዋወቅ የፈለጉትን ግን አልተቀበለም። በዚህ ሩጫ ማንም እንዳያተርፍ፣ እርሱም ራሱ ለግሉ አንዲት ሳንቲም እንዳይወስድ የቆረጠው ገና ከመነሻው ነው።

ኤፕሪል 12 ቀን 1980 በኒውፋውንድላንድ፣ በሴንት ጆንስ ወደብ ሰው ሠራሽ እግሩን በአትላንቲክ ውቅያኖስ ውኃ ነከረ። ሁለት ጠርሙስ የባሕር ውኃም ቀዳ። አንዱን ለማስታወሻ ሊያስቀምጠው፣ ሌላውን ደግሞ ሩጫውን ሲፈጽም በፓስፊክ ውቅያኖስ ሊያፈስሰው አስቦ ነበር። ሩጫውንም የተስፋ ማራቶን ብሎ ሰየመው። ጓደኛው ዳግ ቫኑን እየነዳና ምግብ እያበሰለ አብሮት ተጓዘ። ቴሪ ጎህ ሳይቀድ እየተነሣ በቀን 42 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በየቀኑ አንድ ማራቶን የሚያህል ርቀት ለመሮጥ ይጥር ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈታኞች ነበሩ። ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ዝናቡና በረዶው ፊቱን ይገርፈዋል። በመንገዱ ዳር የሚቆም ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ቴሪ በድካምና በብስጭት ከዳግ ጋር እስከ መኳረፍ ደረሰ። ወላጆቹ መጥተው ሊያስታርቋቸው ግድ ሆነ፤ ቆይቶም የ17 ዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ዳሬል ተቀላቀላቸው። ቴሪ ቁጡና እልኸኛ ወጣት ነበር። ዛሬ ሐውልቱን የሚያይ ሰው ይህን ባሕርዩን ላያስተውል ይችላል፤ ያለዚህ እልህ ግን ያን መንገድ መጀመር ባልቻለ ነበር።

በኒውፋውንድላንድ ደሴት ጫፍ የምትገኘው ፖርት ኦ ባስክ 10 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። የከተማዋ ሰዎች ተሰባስበው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሰጡት፤ ይህም በነፍስ ወከፍ አንድ ዶላር ማለት ነው። ቴሪ በመጀመሪያ ያሰበው አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ኋላ አሥር ሚሊዮን አለ። በመጨረሻ ግን ግቡ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ሆነ። ያን ጊዜ የካናዳ ሕዝብ ብዛት 24 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ጥያቄው ለባለጸጋ ቀላል፣ ለድኻም የማይከብድ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአበው ብሂል በሩቁ አገር በተግባር ታየ።

ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በሆነችው በኩቤክ ግዛት ስለ እርሱ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር። አሽከርካሪዎች ጡሩምባ እየነፉ ከመንገድ ሊያስወጡት ይሞክሩ ነበር። ጁን 22 ሞንትሪያል ሲደርስ የመንገዱን አንድ ሦስተኛ ጨርሷል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ግን 200 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ ነበር። በዚህ ወቅት የፎር ሲዝንስ ሆቴሎች መሥራች ኢሳዶር ሻርፕ ከጎኑ ቆመ። ሻርፕ ልጁን በካንሰር ያጣ አባት ነው። ቴሪ ለሚሮጠው ለእያንዳንዱ ማይል ሁለት ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ፤ ሌሎች 999 ኩባንያዎችም እንዲሁ እንዲያደርጉ ጥሪ አቀረበ። ይህ ድጋፍ ተስፋ ሊቆርጥ የተቃረበውን ወጣት አበረታው።

ወደ ኦንታሪዮ ግዛት ሲገባ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ሕዝቡ በየመንገዱ ዳር ተሰልፎ በጭብጨባ ይቀበለው፣ ገንዘብም በእጁ ያስጨብጠው ጀመር። በኦታዋ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ አገኙት። ጁላይ 11 በቶሮንቶ አደባባይ 10 ሺህ ሰዎች ተሰብስበው ተቀበሉት፤ በዚያች አንድ ቀን 100 ሺህ ዶላር ተሰበሰበ። ቴሪ ግን 22ኛ ዓመት ልደቱ በዋለበት ቀን እንኳ ከመሮጥ አላረፈም። ቁርጭምጭሚቱ አበጠ፤ ራሱን ያዞረውም ነበር። ብዙዎች ሐኪም እንዲያየው ቢወተውቱትም እሺ አላለም።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1980 በተንደር ቤይ ከተማ አቅራቢያ ብርቱ ሳልና የደረት ውጋት ያዘው። መንገዱ ዳር የቆሙት ሰዎች እያበረታቱት ስለነበር በፊታቸው መቆም አልሆነለትም። እነርሱን እስኪያልፍ ሮጠ፤ ከዚያ ወደ ቫኑ ገብቶ ወደ ሐኪም ቤት እንዲወስደው ዳግን ጠየቀ። ካንሰሩ ወደ ሳንባው ተዛምቶ ነበር። በ143 ቀናት 5 ሺህ 373 ኪሎ ሜትር ሮጧል። እስከዚያች ዕለት የተሰበሰበውም 1.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በማግሥቱ ለጋዜጠኞች በሽታው እንደተመለሰበት እያነባ ተናገረ። ሌሎች ሰዎች ቀሪውን መንገድ እንዲሮጡለት ሲጠይቁት ግን ራሱ ተመልሶ ሊፈጽመው እንደሚፈልግ ገልጾ አልተቀበላቸውም።

ገንዘቡ የጎረፈው እርሱ ከቆመ በኋላ ነው። በሳምንቱ በቴሌቪዥን በተላለፈ ቴሌቶን ብቻ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ተገኘ። ልገሳው በክረምቱም አልተቋረጠም። ፌብሩዋሪ 1981 መግቢያ ላይ ድምሩ 24.17 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። በዚህም ከአንድ ሰው አንድ ዶላር የሚለው ግብ ተሟላ፤ ቴሪም ይህን ለማየት በቃ። ካናዳ ለዜጎቿ ከምትሰጣቸው ታላላቅ የክብር ኒሻኖች አንዱን ስትሸልመው በዚያ ማዕርግ በዕድሜ ትንሹ ተሸላሚ ሆነ። ጁን 28 ቀን 1981፣ 23 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው ግን ዐረፈ። ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ፤ ሥርዓተ ቀብሩም በመላ አገሪቱ በቴሌቪዥን ተላለፈ።

በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 13 በስሙ በተዘጋጀው የመጀመሪያው ሩጫ 300 ሺህ ሰዎች ተሳትፈው 3.5 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። ሩጫው ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ወደ ሌሎች ብዙ አገሮችም ተስፋፍቷል። አንደኛ የሚወጣ፣ ዋንጫ የሚወስድ የለም። የቻለ ይሮጣል፤ ያልቻለ በእግሩ ወይም በዊልቸር ይጓዛል፤ ሁሉም እንደ አቅሙ ይለግሳል። እስካሁን በስሙ የተሰበሰበው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ነው። በ2007 የተቋቋመው የቴሪ ፎክስ የምርምር ተቋምም ገንዘቡን በካንሰር ላይ ለሚመራመሩ ባለሙያዎች ያደርሳል።

በተንደር ቤይ አቅራቢያ፣ ሩጫው ከተቋረጠበት ስፍራ ብዙም ሳይርቅ የነሐስ ሐውልት ቆሞለታል። ፊቱ ወደ ምዕራብ፣ ሊደርስበት ወደተመኘው ውቅያኖስ ዞሯል። ለእርሱ ሕመም ፈውሱ በጊዜው አልደረሰለትም። ዛሬ ግን እርሱን ያጠቃው የአጥንት ካንሰር ከሚይዛቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በሚገባ ከታከሙ ይድናሉ፤ አብዛኞቹም እግራቸው ሳይቆረጥ ይታከማሉ። ይህ ለውጥ የመጣው በብዙ አገሮች፣ ለብዙ ዓመታት በተደረገ ምርምር ነው። ለእንዲህ ያለው ምርምር ከሚውለው ገንዘብ መካከል ደግሞ የማያውቁት ወጣት እያነከሰ ሲያልፍ አይተው ከኪሳቸው አንድ ዶላር ያወጡ ሰዎች መዋጮ ይገኝበታል።