አባ ግሬጎር ሜንዴል፦ አተር የቈጠሩት ካህን

እምነትና ሳይንስ ይጣላሉን የሚለውን የወጣቶች ጥያቄ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። በዚህ እትም በክርክር ፋንታ የአንድ ካህን ሕይወት ልናስታውሳችሁ ወደድን።

ዮሐን ሜንዴል እ.ኤ.አ. በ1822 ዓ.ም. ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኝ ትንሽ መንደር ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ። ቤታቸው ድኻ ስለ ነበር ታናሽ እኅታቸው ለጋብቻዋ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ አስተማረቻቸው። በ1843 በብርኖ ከተማ ወደሚገኘው የአውጎስጢኖሳውያን ገዳም ገብተው ግሬጎር ተባሉ፤ በ1847 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ሕሙማንን በጐበኙ ቍጥር ሐዘኑ ራሳቸውን ስለሚያሳምማቸው አበ ምኔታቸው ወደ ማስተማር ሥራ መደቧቸው። ይሁን እንጂ በ1850 የመምህርነቱን ፈተና ወደቁ። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1856 ዳግመኛ ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም።

በዚያው ዓመት በገዳሙ የአትክልት ቦታ በአተር ላይ ምርምር ጀመሩ። እስከ 1863 ድረስ 28,000 ያህል ተክሎች መረመሩ። ድቡልቡል ፍሬ ያለውን ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅሉ ልጆቹ ሁሉ ድቡልቡል ሆኑ፤ የተጨማደደው የጠፋ መሰለ። በልጅ ልጆቹ ግን ከ7,324 ፍሬዎች 1,850ው ተጨማደው ተገኙ፤ ይህም ሦስት ለአንድ ያህል ነው። ከዚህም እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ጠባይ ሁለት ውርስ፣ ከአባት አንድ ከእናት አንድ፣ እንደሚይዝና ለልጁ አንዱን ብቻ እንደሚያስተላልፍ ተረዱ። የተሸፈነው ውርስ አይጠፋም፤ ተደብቆ ይተላለፋል።

ይህን በ1865 በከተማቸው ለነበረ የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር አሰሙ፤ በ1866ም ታተመ። ነገር ግን ትርጕሙን ያስተዋለ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1868 አበ ምኔት ሆነው ተመረጡ፤ የመጨረሻ ዓመታቸውንም መንግሥት በገዳማት ላይ በጣለው ግብር ምክንያት በክርክር አሳለፉ። በጥር 1884 ዐረፉ። በ1900 ሦስት ሊቃውንት ለየብቻቸው ወደዚያው ሕግ ሲደርሱ፣ አባ ሜንዴል ቀድመዋቸው እንደ ነበር ተገነዘቡ። ቈይቶም ውርሱን የሚሸከሙት በሕዋስ አስኳል ውስጥ ያሉት ክሮሞሶሞች መሆናቸው ታወቀ።

ውድ ምእመናን፣ አባ ሜንዴል የድካማቸውን ፍሬ ሳያዩ ዐለፉ፤ ቈጠራቸው ግን እውነተኛ ስለ ነበረ ጸና። ጥቂት ሕፃናት ሰብስበን የምናስተምር እኛም ፍሬው ዛሬ ባይታየን፣ በሥራችን መታመን ይበቃናል፤ የቀረውን የሚያበቅል እግዚአብሔር ነው።