ስሟ ከሽፋኑ ላይ የቀረባት ሴት



እኛ የሲሬ ሴቶች ለሕክምናም ለገበያም ወደ ነቀምቴ እንመላለሳለን። በዚያች ከተማ ከመቶ ዓመት በፊት ታስተምር ስለነበረች አንዲት ሴት የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስሟ አስቴር ጋኖ ይባላል። በዚህ እትም ታሪኳን የመረጥነው ከእኛ ኑሮ ጋር የሚገናኝ ስለሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቴር የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። የነጻ ሰው ልጅ ነበረች፤ በኋላ ግን በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ ለባርነት ተዳረገች። ከዚያም ዓረብ አገር ተሻግራ እንድትሸጥ በጀልባ ተጫነች። በ1886 የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ባሕር ላይ ያዙና ነጻ አወጧት። ያኔ ዕድሜዋ ቢበዛ አሥራ አራት ዓመት ቢሆን ነው። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባል ቦታ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተቀበላት፤ ቤቷም እሱ ሆነ።

እዚያ ብዙ ሳትቆይ ብሩህ አእምሮ እንዳላትና የኦሮምኛን ቋንቋ ጠልቃ እንደምታውቅ ታየ። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም የነበረው ኦነሲሞስ ነሲብ ነበር። እሱም ገና በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተወስዶ የተሸጠ ሰው ነው። አስቴር የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታዘጋጅ ሥራ ተሰጣት። በ1893 የታተመው አዲስ ኪዳን ሲታረም ያ መዝገበ ቃላት አገለገለ።

በዚህም አላበቃችም። ከ500 የማያንሱ የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። እናቶቻችን እሳት ዳር ይነግሩን የነበረው ዓይነት ነገር የልጆች ፊደል መቁጠሪያ ሆነ ማለት ነው። በ1899 ደግሞ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። በመጽሐፉ ላይ በተርጓሚነት የሰፈረው ግን የኦነሲሞስ ስም ብቻ ነበር።

በ1904 አስቴር ከኦነሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆነች። ባሪያ ተብላ ከአገሯ የወጣችው ልጅ መምህርት ሆና ገባች። በዚያው ዘመን በሌላው ዓለምም እንዲህ ያሉ ሴቶች ነበሩ። አልባኒያ በቱርኮች አገዛዝ ሥር ሳለች ሴቫስቲ ቂሪያዚ የምትባል ሴት ከወንድሟ ጋር ሆና በ1891 ኮርቻ ከተማ ላይ ሴት ልጆች በገዛ ቋንቋቸው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፍታለች። አገሩ ይራራቅ እንጂ ድካማቸው አንድ ነው።

አስቴር ዘጠና ዓመት አልፏት በ1964 ዐረፈች። ከሰበሰበችው ብዙው ሳይታተም በእጅ ጽሑፍ ቀርቷል።

ኦነሲሞስ ትልቅ ሰው ነው፤ ክብሩን ለመቀነስ አልተነሣንም። የእኛ ነገር ሌላ ነው። ሥራው የሁለት ሰው ሆኖ ወረቀቱ ላይ የአንዱ ስም ብቻ ሲጻፍ ምን እንደሚከተል በቤታችን እናውቀዋለን። ከመካከላችን ባለቤቷ ሲሞት የመሬት ደብተሩ ላይ ስሟ ባለመኖሩ ብዙ የተንከራተተች እህት አለች። አርሳ፣ አርማና አጭዳ የኖረችበት መሬት የእሷ መሆኑን በሰው ምስክር ማስረዳት ነበረባት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባችን ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ እያንዳንዷ አባል የመሬት ደብተሯን አይታ ስሟ መኖሩን አረጋግጣ ትምጣ። ማንበብ የማትችል ብትኖር ልጇን ወይም ጸሐፊያችንን ትጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከእናቶቻችን የሰማነውን ተረትና እንቆቅልሽ የምንጽፍበት አንድ ደብተር እንከፍታለን። ከእያንዳንዱ ተረት በታች የነገረችን እናት ስም ይጻፍ።